ከመሪውና ከወደቀው መሀል

እንደምን አመሻችሁ፣ ወዳጆቼ።

በክበባችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ እንድናገር ስጋበዝ «ፈጣን ሰው አጣችሁ እንዴ?» ብዬ ነበር። በልምምድ ቀን አብዛኞቻችሁ የእኔን ጀርባ አይታችሁት አታውቁም። እኔ ግን የእናንተን ጀርባ አንድ በአንድ ለይቼ አውቀዋለሁ። መተዳደሪያዬ ዜና ነው። ጠዋት እሮጣለሁ፤ ከዚያ ቢሮ ገብቼ የትኛው ወሬ ይቅደም፣ የትኛው ይቅር እያልኩ እውላለሁ። እነዚህ ሁለት ነገሮች ውስጤ ሲከራከሩ ይውላሉ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚሁ ክርክር ነው።

ከአንድ የቆየ ውድድር ልነሳ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። ጊዜው 1928፣ ቦታው አምስተርዳም። ሴቶች በኦሊምፒክ አትሌቲክስ መወዳደር የተፈቀደላቸው ገና ያኔ ነው። ከተፈቀዱላቸው ሩጫዎች ረጅሙ 800 ሜትር ነበር። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ለፍጻሜው የተሰለፉት ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ። ዘጠኙም ጨረሱ። መስመሩን ካለፉ በኋላ አንዳንዶቹ መሬት ላይ ተዘረሩ። 800 ሜትር የሚችሉትን ያህል ሮጠው የሚያውቁ ሰዎች እዚህ አላችሁ፤ መዘረር ያኔ ምን ያህል እንደሚጥም እናንተ ንገሩኝ።

ጋዜጦቹ የጻፉት ግን ሌላ ነው። አሥራ አንድ ሴቶች ሮጠው አምስቱ አቋርጠው ወጡ ያለም ነበር። ያልነበሩ ሯጮች አቋረጡ ማለት ነው! የሴት ገላ ይህን ርቀት አይችልም የሚለው ወሬ በአንድ ሰሞን ዓለምን አዳረሰ። ድሮም ሴቶች እንዳይሮጡ የሚፈልጉ የስፖርት ሹማምንት ነበሩና ጥሩ ሰበብ አገኙ። የሴቶች 800 ሜትር ከኦሊምፒክ ተሰረዘ። የተመለሰው በ1960 ሮም ላይ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ይኸኛው ሌሊት 32 ዓመት ፈጀ።

አሁን ደግሞ ከአምስተርዳሙ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ እንሂድ። የ1908 ለንደን ኦሊምፒክ። ጣሊያናዊው ዶራንዶ ፒዬትሪ ማራቶኑን እየመራ ስታዲየም ገባ። ዞረበት። አቅጣጫ ሳተ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። ዳኞቹ ደግፈው መስመሩን አሻገሩት። በሰው እርዳታ ስለገባ ውጤቱ ተሰረዘ፤ ወርቁም ለአሜሪካዊው ጆኒ ሄይስ ሆነ። በማግስቱ ንግሥት አሌክሳንድራ ለፒዬትሪ ዋንጫ ሰጠችው። ጋዜጣው ሁሉ ስለሱ ሆነ። እስቲ እጃችሁን አውጡ፤ ከዛሬ በፊት የጆኒ ሄይስን ስም የሰማ? ... እንዳልኩት ነው።

ልብ በሉልኝ። አንድ ወንድ ሳይጨርስ ወደቀ፤ ጀግና ተባለ። ሴቶች ሩጫቸውን ጨርሰው ተዘረሩ፤ በር ተዘጋባቸው። መውደቁ አንድ ነው፣ ልዩነቱ የሚያየው ሰው ነው። ጋዜጠኛው ማስታወሻውን ይዞ ስታዲየም ሲገባ ያደገበትን ቤት አመለካከትም ይዞ ይገባል። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ሙያዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ጽሑፉ ማለቅ ያለበት ሰዓት ደርሷል፣ አለቃ ይደውላል፣ ዓይን ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚሄደው መሬት ላይ ወዳለው ሰው ነው። ቆሞ ውኃ የሚጠጣውን ማን ያያል?

ለአሸናፊም ቢሆን ያው ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛው ሰው እስኪደርስ ከአራት ደቂቃ በላይ ነበረው፤ ሜዳው ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ለእኔ ትልቁ ሩጫው የቶኪዮው ነው። ዓለም ግን ዛሬም የሚያወራው ስለ ባዶ እግሩ ነው። ባዶ እግር ፎቶ ላይ ይታያላ! ልምምድ አይታይም።

እንግዲህ ወደ እኛ ወደ ተራዎቹ ልምጣ።

ጠዋት በምሮጥበት መንገድ ላይ ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት አሉ። ሁልጊዜ ከፊት ለፊቴ ነው የሚመጡት። ስንተላለፍ ከዘራቸውን ከፍ ያደርጉልኛል፣ እኔም እጄን አነሳለሁ። ስማቸውን አላውቅም። አንድ ሰሞን ጠፉና ሐሳብ ገባኝ። ተመልሰው ሲመጡ «ምነው አባባ፣ የት ጠፍተው ነው?» አልኳቸው። «ጉልበቴ አምፆ ነበር» አሉኝና ሳይቆሙ አለፉ። በቃ፣ ይኸው ነው ወሬያችን። ትንሽ እልፍ ስል የመንገድ ጠራጊዋ አለች። ስታየኝ መጥረጊያዋን ታቆማለች። አቧራው እንዳይቦንብኝ ነው። አልፌያት ጥቂት እርምጃ ስሄድ የመጥረጊያው ድምፅ ከኋላዬ እንደገና ይጀምራል። አንድም ቀን ሳታቆም ቀርታ አታውቅም፤ አንድም ቀን ቆሜ አነጋግሬያት አላውቅም።

ከዚያ ቢሮ እገባለሁ። እዚያ የሚጠብቀኝ ሌላ ዓለም ነው። እሳት፣ ግጭት፣ ዘረፋ፣ የባለሥልጣን መግለጫ። ሐሰት ነው አላልኩም። የተቃጠለው ቤት በእውነት ተቃጥሏል፤ መነገርም አለበት። መጥረጊያዋን የምታቆመው ሴት ደግሞ ዜና አትሆንም፤ መሆንም የለባትም፤ ዜና ለዚያ የተሠራ ነገር አይደለም። ነገር የሚበላሸው ዜና ያላነሳውን ሁሉ የለም ብለን የደመደምን ዕለት ነው።

አንድ ወዳጄ ባገኘኝ ቁጥር «ሰው አልቋል!» ይለኛል።

«ጎረቤትህስ?» እለዋለሁ።

«እሱ እንኳ ደህና ሰው ነው።»

«የሥራ ባልደረቦችህስ?»

«ምንም አይሉም።»

«ታዲያ ያለቀው ሰው የቱ ነው?»

ስልኩን አውጥቶ ያሳየኛል።

አትሳቁ፣ ሁላችንም አለንበት። በቀን የምናገኘው ሰው ውስን ነው፤ በስልክ የምናየው ግን ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ስለ ሰው ያለን ግምት ከምናውቃቸው ሰዎች ሳይሆን ከማናውቃቸው ይሠራል። በዚያ ግምት ነው እንግዲህ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው በጎን የምናየው።

ሩጫ ለዚህ መድኃኒት ነው ልላችሁ አይደለም። ሩጫ ለጉልበትም መድኃኒት መሆኑን የሚጠራጠሩ አዛውንት አውቃለሁ። ግን አንድ የሚያስተምረን ነገር አለ። ስትነሱ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይከብዳሉ፤ አይደል? ጡንቻው ወዲያው ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ልብና ሳንባ ደግሞ ፍላጎቱ ላይ ለመድረስ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ እግር ይደነዝዛል። ጀማሪ ሰው እዚያ ላይ «ዛሬ አልሆነልኝም» ብሎ ይመለሳል። የለመደ ሰው ፍርዱን ያቆየዋል። ትንሽ ቆይቶ ሰውነቱ ይፍታታና ያው መንገድ ሌላ መንገድ ይሆንለታል። ዜናም ላይ እንዲሁ ነው። ስለ አንድ ክስተት መጀመሪያ የሚመጣው ወሬ ቁጥሩ የተምታታ፣ ስሙ የተሳሳተ፣ ምክንያቱ በግምት የተሞላ ነው። ቢሮ ውስጥ የከረመ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ሁለተኛ ምንጭ እስኪያገኝ ይይዘዋል። አንባቢው ግን የመጀመሪያውን ወሬ እንደሰማ ለሌላ ይልከዋል፤ ማስተካከያው ሲመጣ ደግሞ የሚያነበው የለም።

እስካሁን ሚዲያውን ብቻ እንደረገምኩ እንዳይመስላችሁ። በ1967 ቦስተን ማራቶን ላይ ካትሪን ስዊትዘር የምትባል ወጣት 261 ቁጥር ለጥፋ ሮጠች። የተመዘገበችው በስሟ የመጀመሪያ ፊደላት ነበርና አዘጋጆቹ ሴት መሆኗን አላወቁም። ከአዘጋጆቹ አንዱ መንገድ ላይ ሮጦ ደረሰባትና ቁጥሯን ሊገነጥል ያዛት። አብሯት የሚሮጠው ጓደኛዋ ገፍቶ ጣለው። ይሄ ሁሉ ሲሆን የፎቶ ጋዜጠኞችን የጫነው መኪና ፊት ለፊታቸው ነበር። ፎቶው ዓለምን ዞረ። ሩጫውን ጨረሰች። ከአምስት ዓመት በኋላ ቦስተን ለሴቶች በይፋ ተከፈተ፤ በ1984 ደግሞ የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ ገባ። በአንድ ዘመን በር የዘጋ ጋዜጣ በሌላ ዘመን በር አስከፈተ። መኪናው ያኔ ትንሽ ቀደም ብሎ ሄዶ ቢሆን ኖሮስ? ይህን ሳስብ ትንሽ ይጨንቀኛል፤ ምክንያቱም ፎቶ ያልተነሱ ሌሎች ስንት እንዳሉ አናውቅም።

ዛሬ የፎቶ መኪናው በየኪሳችን ነው። እያንዳንዳችን የራሳችን ዘጋቢዎች ሆነናል። ታዲያ ስለራሳችን ስንዘግብ የተሻልን ሆንን? እኔ አይመስለኝም። እኛም የምንለጥፈው መሪውን ወይም የወደቀውን ነው። ወይ ምርጥ ሰዓታችንን፣ ወይ ጉዳታችንን። እንዲሁ ደብሮን እንዲሁ ሮጠን የተመለስንበት ቀን አይለጠፍም። ከሩጫዎቻችን አብዛኞቹ ግን እንደዚያ ያሉ ናቸው። አንድ የክበባችን አባል፣ ስሙን አልጠራም፣ ሰዓቱ ቻርጅ ስላለቀበት ሩጫውን አቋርጦ ቤቱ ገብቷል። ካልተመዘገበ አልተሮጠም ማለት ነው!

ደግሞ የምንለጥፈው የት እንደሚደርስ አናውቅም። ስትራቫ የተባለው መተግበሪያ ተጠቃሚዎቹ የሮጡበትን መንገድ ሁሉ ሰብስቦ የዓለም ካርታ ሠርቶ ነበር። በ2018 መጀመሪያ ላይ ሰዎች ካርታውን ሲመረምሩ ሰው አይኖርበትም በተባለ በረሃ መሀል የሚያበሩ መስመሮች አዩ። ወታደሮች በጦር ሰፈራቸው ዙሪያ ሲሮጡ የተዉት ዱካ ነበር። እነዚያ ሰዎች ምስጢር ሊያወጡ አልፈለጉም። እንደ እኔና እንደ እናንተ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጡ ማወቅ ነው የፈለጉት። ስለዚህ ጠዋት ብቻችሁን የምትሮጡ፣ በተለይ እህቶቼ፣ ከቤታችሁ በር የሚነሳውን መስመር ለሁሉም ክፍት አድርጋችሁ አትተዉት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ፤ የጋበዛችሁኝ ሰዎች ሰዓት እያዩ ነው።

በሌላ ቦታ አንድ ውድድር ላይ ተሳትፌ ነበር፤ አዘጋጁን ተዉት። ስደርስ የመጨረሻው ቅስት አየሩ እየተነፈሰ ነበር። ሰዓት መቁጠሪያው ተነቅሎ መኪና ላይ ተጭኗል። ከኋላዬ ገና ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ከልጇ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ነበር የምትመጣው። ልጁ «እማዬ፣ አለቀ እንዴ?» ሲላት ሰማሁ። ፎቶ አንሺው ሄዷል። በማግስቱ የወጣው ዘገባ የአሸናፊዎቹን ስም ዘርዝሮ ውድድሩ በሰላም ተጠናቀቀ ይላል።

የእኛ ውድድር በሚቀጥለው ወር ነው። የምጠይቀው ይህን ነው። ሰዓቱ የመጨረሻው ሰው እስኪገባ አይነቀል። ከፎቶ አንሺዎቹ አንዱ እስከዚያ ይቆይ። ማስታወቂያ ክፍሉ ሲጽፍ መሀል ላይ ከገቡት የአንዱን ታሪክ ይጨምር፤ ጠይቆ፣ ስሙን በትክክል ጽፎ። እኔ ዘንድሮ አልሮጥም፤ ሰዓቱ ጋ እቆማለሁ። አብረውኝ የሚቆሙ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ። ፀሐይ ስላለ ኮፍያ ያዙ። የምትፈልጉ ስንወጣ በሩ ጋ አግኙኝ።

አመሰግናለሁ።