ሁለት ደቂቃ ተኩል

እሺ፣ እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ዛሬም መኪና ውስጥ ነኝ፣ እዚሁ የሎናይፍ፣ የካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ዋና ከተማ፤ የሚሰማችሁ ጉርምርምታ የታክሲዬ የንግሥት ሞተር ነው። አዎ፣ አልሸጥኳትም። ሞተሯ በብርድ እንዳይደርቅ ኮረንቲ ላይ ተሰክታ አድራ ዛሬ ጠዋት በአንዴ ተነሳች። ሙድ የያዛችሁብኝ ሁሉ ይቅርታ ጠይቋት።

ስለ በርበሬው ነበር ላወራ ያሰብኩት። ከኤድመንተን ተላከ የተባለው በርበሬ... ተዉት፣ ስመለስ። ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። ሦስት ሳምንት ሆነው። እንቅልፍ ነሳኝ አልልም፣ እንቅልፌንማ እተኛለሁ። ግን ቀይ መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

የግዛቲቱን ምክር ቤት ስልኬ ላይ እንደምሰማ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ «እኔን እንዲህ ብትሰማኝ» ትላለች። ምን ላድርግ፣ ተሳፋሪ ስጠብቅ ከዘፈን ይሻለኛል። 19 ሰው ነው። ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ መሐል ወለሉ ላይ የነጭ ድብ ቆዳ ተነጥፏል። ደግሞ የምክር ቤቱ በትር አለ፣ ሲያነሱት ሿ ይላል። ውስጡ ከ33ቱም መንደርና ከተማ የተለቀሙ ጠጠሮች ናቸው። ይሄን መጀመሪያ ስሰማ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «ጸናጽል ነዋ» ብላ ዘጋችው።

ወደ ነገሬ። የዚያን ቀን 38 ከዜሮ በታች ነው። ሕመምተኞች ከሚያርፉበት ቤት አንዲት አሮጊት ጫንኩ፣ ወደ ኤርፖርት። የሳክስ ሃርበር ሰው ናቸው፣ ሩቅ ሰሜን ያለች የደሴት መንደር። ለዓይናቸው ነው የመጡት። ካርቶን ይዘዋል፣ በማሸጊያ ፕላስተር አራት ጊዜ የተጠመጠመ። ኋላ ልክተተው ስል እጄን መቱኝ። እንቁላል ነው! ኋላ ከተጫነ በረዶ ይመታዋል፣ ይሰነጠቃል። ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ኮታቸውን ደርበውበት፣ እንደ ሕፃን አቅፈውት ተቀመጡ። በእንግሊዝኛ ሁሉም ሰው አንድ ነው፣ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኳቸው ነው የምነዳው።

ስልኩ ክፍት ነበር። የኑናክፑት ተወካይ ተነሳ። ኑናክፑት ማለት ቱክቶያክቱክ፣ ፖላቱክ፣ ሳክስ ሃርበር፣ ኡሉካክቶክ ነው፤ አራቱም የኢኑቪያሉይት፣ የነባሩ ሕዝብ፣ አገር፣ ጠረፉ ላይና ከባሕሩ ማዶ ደሴቶቹ ላይ። «ከፍ አድርገው» አሉኝ። አደረግኩት።

አንድ አባል መግለጫ ለማሰማት ያለው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። ቤት የለም፣ አለ። የሚጠገን የለም። የጭነት ጀልባ። የምግብ ዋጋ። ጀልባው በዓመት አንዴ ነው፣ በበጋ። በፈረንጅ 2018 በረዶው አላሳልፍ ብሎ ፖላቱክና ሳክስ ሃርበር ሳይደርስ ቀረ፣ ዕቃው በአውሮፕላን ሆነ። ቱክቶያክቱክማ በ2017 ወደ 138 ኪሎ ሜትር መንገድ ተከፈተላት፣ እሷም ብትሆን ባሕሩ ዳርቻዋን እየቦረቦረው ቤት ከጫፍ እያነሱ ወደ ውስጥ ወስደዋል። ሦስቱ ግን መንገድ የላቸውም። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ኔሊ ኩርኖዬ ከ1979 እስከ 1995 የዚያ አካባቢ ተወካይ ነበሩ፤ የ1984ቱን የኢኑቪያሉይት የመሬት ስምምነት ከተደራደሩት አንዷ ናቸው፣ ኋላም የግዛቲቱ ፕሪሚየር፣ የመንግሥቱ መሪ፣ ሆነዋል። ወደ 91,000 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት የኢኑቪያሉይት ነው ተብሎ ተፈርሟል። እንቁላሉ ግን አሁንም በጭን ነው የሚሄደው። አላውቅም፣ እንዲህ ብሎ ማነጻጸር ልክ ላይሆን ይችላል።

እና እኔ አፌን ከፈትኩ። በመስታወቱ እያየኋቸው፣ በጣም አዛኝ ሆኜ፣ «ለምን ጠቅልለው እዚህ አይገቡም?» አልኳቸው።

ዝም።

እንዳልሰሙ ነው እንዳልል፣ ዓይናቸው መስታወቱ ውስጥ ነበረ። አንዱ ዓይን በፋሻ ተሸፍኗል፣ አንዱ እኔን ያያል። የተቆጣ ዓይን አልነበረም። ቢቆጡኝማ ይሻለኝ ነበር፣ ይቅርታ ብዬ እገላገል ነበር።

በዚያው መሐል የሰውዬው ሰዓት አለቀ። ዝርዝሩ ገና መሐል ላይ ነው። ሰዓት ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ? ንግግሬን ልጨርስ ብሎ የሁሉንም ስምምነት ይጠይቃል። አንድ ሰው እንኳ አይሆንም ካለ ቁጭ ነው። ጠየቀ። ስልኩ ውስጥ ዝም አለ፣ መኪናው ውስጥም ዝም። አሮጊቷ ካርቶኑን ጠበቅ አደረጉት። እኔም፣ ምን አገባኝ፣ ትንፋሼን ይዣለሁ። ከዚያ ቀጠለ።

«ፈቀዱለት» አሉ። ለኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም። ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ኤርፖርት ሒሳቡን ከፈሉ፣ ጉርሻ ጨመሩ። ጉርሻው ነው የከበደኝ! አልቀበልም ልል ብዬ ደግሞ... ተቀበልኩ። ያው ተቀበልኩ።

አባቴን ታስታውሱታላችሁ፣ ክረምት ክረምት ወንዙ ሲሞላ መንደሩ የሚቆረጥበት። እሱንም «አዲስ አበባ ግባ» ብዬ ስንት ዓመት ነዝንዤዋለሁ። «ማን ይቀመጥበት?» ነበር መልሱ። ግን አባቴን እዚህ ያመጣሁት ነገሩን ለማሳመር ነው መሰለኝ። እሳቸው እንደዛ አላሉም። እሳቸው ምንም አላሉም። ምናልባት እንቁላላቸውን ነው ያሰቡት። ምናልባት «ይሄ ደግሞ ከየት መጥቶ ነው እንደዚህ የሚጠይቀኝ» ብለዋል፣ እውነታቸውን ነው።

እኔ ለበርበሬ ማመላለሻ ስንት እንዳማረርኩ ባለፈው ሰምታችኋል፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ። ይቺ የሎናይፍ እኮ መንገድ ያላት ከተማ ናት። በ2012 የማኬንዚ ወንዝ ድልድይ እስኪከፈት ድረስ ግን ወንዙ ሊረጋ ወይም ሊቀልጥ ሲል መኪና የሚያሻግረው ፌሪም የበረዶ መንገዱም ቀጥ ይል ነበር፣ የቆዩት ሹፌሮች ያወሩታል። ያኔ እነሱንም «ለምን ጠቅልላችሁ ደቡብ አትገቡም» ያላቸው ሰው ይኖር ይሆን? እኔ እንጃ።

ቆይ፣ ስልክ... ተሳፋሪ ነው፣ ልሄድ ነው።

ለካ አሮጊቷ በኢኑቪክ ከተማ በኩል ነው የሚያልፉት፣ እዚያ አውሮፕላን ቀይረው። በማግስቱ ኢኑቪክ ጭጋግ ነበር ሲሉ ሰማሁ። ያን ቀን ደርሰው ከሆነ እንግዲህ... ካልደረሱ ደግሞ የት አሳደሩት ካርቶኑን፣ ማሞቂያ አጠገብ ይሆን፣ ወይስ እዚያው እንዳቀፉት