የቻይና ፊደል አጻጻፍና የጭረት ቅደም ተከተል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የደወሉ አድማጭ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ቻይንኛ መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኛል። የፊደሉ መልክ በመጨረሻ ትክክል ከወጣ፣ የትኛው ጭረት ቀደመ ብሎ መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። «አፍ» የሚል ትርጉም ባለው «ኮው» በተባለው ፊደል ልጀምር። ለዓይን ባለ አራት ጎን ሣጥን ስለሆነ በአራት መስመር የሚጻፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭረቱ ሦስት ብቻ ነው። መጀመሪያ የግራው ቋሚ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀጥሎ የላይኛው አግድምና የቀኙ ቋሚ፣ ብዕር ሳይነሣ፣ ታጥፎ በአንድ ጭረት ይጻፋል፤ በመጨረሻ የታችኛው አግድም ይዘጋዋል። ይህን በአራት መስመር የሚስል ተማሪ ቁጥሩን ስለሚስት፣ ጭረት እየተቆጠረ በሚፈለግበት መዝገበ ቃላት ፊደሉን አያገኘውም፤ «ኮው» በብዙ ሌሎች ፊደላት ውስጥ ስለሚገባም ስሕተቱ አብሮ ይዛመታል።

ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት የእጅ ጽሕፈት ነው። ቻይናውያን በየዕለቱ የሚጽፉት እንደ መጽሐፍ ኅትመት ጭረቱን ነጣጥለው አይደለም፤ «ሺንግሹ» በሚባለው ፈጠን ያለ አጻጻፍ ጭረቶቹ ይያያዛሉ፣ የሚያያይዛቸውም ቀጭን መስመር ብዕሩ ከአንዱ ጭረት መጨረሻ ወደ ቀጣዩ መጀመሪያ የሄደበት መንገድ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያልለመደ ሰው፣ የራሱ ጽሕፈት ሲፈጥን መልኩን ከማጣቱም በላይ፣ ሌላው በችኮላ የጻፈለትን ማስታወሻ ለማንበብ ይቸገራል። እኔ ተማሪዎቼን ከመጀመሪያው ቀን አጥብቄ የምይዛቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዴ የተጣመመ ልማድ ማቃናት ከአዲስ ከመማር ይከብዳልና።

ደንቦቹ ጥቂት ናቸው። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ «ዐሥር» በሚለው የመስቀል ቅርጽ አግድሙ ከቋሚው ይቀድማል፤ «ትንሽ» በሚለው ፊደል ግን የመካከሉ ቋሚ ቀድሞ የግራና የቀኙ ይከተላሉ። «አገር» የሚለው «ጉዎ» ዙሪያውን የታጠረ ነው፤ የአጥሩ ግራ፣ ላይና ቀኝ ከተጻፈ በኋላ የውስጡ ይሞላል፣ የታችኛው አግድም የመጨረሻ ይሆናል። የቻይና መምህራን ይህን ለሕፃናት ሲያስረዱ «መጀመሪያ ሰው ይግባ፣ ከዚያ በር ይዘጋ» ይላሉ።

ጥያቄ፦ በጓንግዡ የሚኖሩ ነጋዴ፦ «እኔ የምጽፈው በስልክ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ይመለከተኛል?»

መልስ፦ በላቲን ፊደል ድምፁን እየጻፉ ከሆነ ብዙም አይመለከትዎትም። ነገር ግን ድምፁን የማያውቁት ፊደል በሱቅ ሰሌዳ ላይ ሲያጋጥምዎት፣ አምስት የጭረት ዓይነቶችን፣ ማለትም አግድምን፣ ቋሚን፣ ወደ ግራ የሚወርድን፣ ነጥብን (ወደ ቀኝ የሚወርደውም ከዚሁ ይቆጠራል) እና እጥፍን፣ በአምስት ቁልፎች የሚያስገባው የስልክ ዘዴ ያገለግልዎታል፤ እርሱም የሚሠራው በቅደም ተከተል ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ተማሪ፦ «የቻይንኛ መጽሐፌና የጃፓንኛ መጽሐፌ ለአንድ ፊደል የተለያየ ቅደም ተከተል ይሰጣሉ። ማንን ልመን?»

መልስ፦ ሁለቱም በየአገራቸው ትክክል ናቸው። «እርሻ» የሚለውን ፊደል ውሰድ፤ ሣጥን ሆኖ በውስጡ መስቀል አለው። በቻይና የመስቀሉ አግድም ይቀድማል፣ በጃፓን ቋሚው። «ቀኝ» የሚለውን ደግሞ ቻይናውያን በአግድሙ፣ ጃፓናውያን ወደ ግራ በሚወርደው ጭረት ይጀምሩታል። ቻይና በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለ7,000 ፊደላት የጭረት ቅደም ተከተል ደንብ አውጥታለች፤ የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር በ1958 ባወጣው መምሪያ ደግሞ ያልተጠቀሱ ሌሎች ቅደም ተከተሎችን ስሕተት አላለም። አንተ የምትማረውን ቋንቋ ደንብ ያዝ፤ ሁለቱን በአንድ ደብተር አታደባልቅ።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት፦ «ልጄ ግራኝ ነው። ቅደም ተከተሉን ይገልብጠው?»

መልስ፦ አይገልብጠው እመቤቴ፤ ቅደም ተከተሉ ለግራኝም ያው ነው፣ ወረቀቱን ብቻ እጁ እንዳይሸፍንበት ዘንበል ያድርገው። ቻይናውያን «ትየንዝገ» የሚሉትን፣ እያንዳንዱ ካሬ በውስጡ መስቀል ያለበትን የመለማመጃ ደብተር ይግዙለት። በቀን አምስት ፊደል ይበቃዋል፤ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ እያየ፣ ቀጥሎ ሸፍኖ በቃሉ ይጻፍ፣ ከተሳሳተም መሐሉን ከመጠገን ይልቅ ከመጀመሪያው ጭረት ይጀምር።