«አውቀዋለሁ» ያሉት ሽማግሌ

እሺ... ማይኩ በርቷል አይደል? በርቷል።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ልናወራ ነበር፤ ቃል ገብቻለሁ፣ አውቃለሁ። ይቆየን። ኪራዩ እንደሆነ የትም አይሄድም፣ ይጨምራል እንጂ። ሰሞኑን አንድ ነገር እየተመላለሰብኝ ነው። አዛዥ ብዬ ለምጠራት ጓደኛዬ ብነግራት «አንቺ ደግሞ ነገር ስታበዢ» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ስለዚህ ለእናንተ ነው የማወራው። እናንተ ስልክ አትዘጉም። ማለቴ ትዘጋላችሁ፣ ግን እኔ አላይም።

ቶርኪ ሄደን ነበር፣ አውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ውስጥ ያለች የባሕር ዳር ከተማ። ለምን እንደምንሄድ፣ ዋና የማይችል ሰው ውቅያኖስ ዳር ምን እንደሚሠራ፣ የመኪናዋን ታሪክ የሰማችሁ ታውቃላችሁ። አልደግመውም። ከዚያ ወደ ቤልስ ቢች ወረድን። ያው ቤልስ ማለት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1962 ጀምሮ የሰርፍ ውድድር፣ በሰሌዳ ማዕበል ላይ የመንሸራተት ማለት ነው፣ የሚካሄድበት፣ በፈረንጅ ፋሲካ ሰሞን መኪና ማቆሚያ የሚጠፋበት ቦታ ነው። ያን ቀን ግን ብርድ ብቻ ነበር የመጣው። ሦስት አራት ሰዎች የቫን የኋላ በር ከፍተው፣ ያንን ጥቁር የጎማ ልብስ እስከ ወገባቸው ገፈው፣ ሻይ ይዘው ይከራከራሉ። እኔ ስለ ማዕበል መስሎኝ ነበር። ለካስ ስለ ልብ ወለድ ነው!

ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አዛዥ «ነይ እንሂድ፣ በረደኝ» ትላለች፤ የት ልሂድ?

ሰርፈር መጽሐፍ ሲተች ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ገጸ ባሕርይ ግንባታ ምናምን የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ የሚጠይቁት ነፋሱ ከየት ነው የሚነፍሰው የሚለውን ነው። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ከነፈሰ ማዕበሉ ፊቱ ይጠራል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከባሕር ከመጣ ያበላሸዋል፣ ይበታትነዋል። እና ደራሲው ኃይለኛ የባሕር ነፋስ አስነስቶ በዚያው ገጽ ላይ እንደ መስታወት የጠራ ማዕበል ካመጣ፣ አለቀለት። ፍቅሩም ግድያውም አያድነውም። የጄን ሃርፐርን «ዘ ድራይ» ሁሉም ወደውታል፤ አንደኛው ሲያብራራ «ድርቅ ነው፣ ምንም ውሃ የለውም፣ ምን ይሳሳታል?» አለ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ያኔ ነው መስማቴን ያወቁት።

ደራሲዋ ሊያን ሞሪያርቲ ላይ ደግሞ ቂም ይዘዋል፤ በእሷ ሳይሆን በቴሌቪዥኑ። «ቢግ ሊትል ላይስ» እኮ የሲድኒ ሰሜናዊ ዳርቻ መጽሐፍ ነው፣ በ2014 የወጣ። አሜሪካኖቹ ተከታታይ ፊልም ሲያደርጉት አንስተው ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ወሰዱት። ሰዎቹ ልክ የአገር ድንበር እንደተነካ ነው የሚናገሩት። እኔ ደግሞ ተከታታዩን ከአዛዥ ጋር ሌሊቱን ሙሉ አይተን፣ በንጋታው ሥራ ላይ... እሱ ይቅር። አለቃዬ ይህን ፖድካስት የሚሰማ ሰው ያውቃል ተብያለሁ።

ወደ ነገሩ።

ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጸጉራቸው ነጭ፣ ፊታቸውን ጨው የበላው፣ ግን ትከሻቸው የወጣት። አንዲት ልጅ ደግሞ አለች፣ ሃያዎቹ ውስጥ። ክርክሩ ወደ «ብሬዝ» ዞረ። የቲም ዊንተን፣ በ2008 የወጣው፣ በዓመቱ ማይልስ ፍራንክሊን የሚባለውን ትልቁን የአውስትራሊያ የልብ ወለድ ሽልማት ለአራተኛ ጊዜ ያስገኘለት። ሰርፈሮች ለዊንተን ልባቸው ስስ ነው፣ ራሱም ሰርፈር ስለሆነ። ሁለት ልጆች፣ ምዕራብ አውስትራሊያ፣ እንጨት መሰንጠቂያ ያለበት ትንሽ ከተማ፤ ወንዝ ውስጥ ጠልቀው ትንፋሽ በመያዝ የሚፎካከሩ። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ያገኛሉ፣ ድሮ ስመ ጥር የነበረ ሰርፈር፣ እሱ ወደ አደገኛው ባሕር ይወስዳቸዋል። እኔ አንብቤዋለሁ። ዋና አልችልም፣ ግን እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሰምጬ ነው የወጣሁት።

ሽማግሌው «የመጀመሪያው ግማሽ ስለ ባሕር ከተጻፈው ሁሉ እውነተኛው ነው» አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለተኛውን ግማሽ አላነበብኩትም» አሉ።

ሁለተኛው ግማሽ... ያላነበባችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ ሳልነግራችሁ አልችልም። የሰውየው ሚስት አለች፣ ጉልበቷ የተሰበረ፣ ድሮ የበረዶ ስፖርተኛ የነበረች አሜሪካዊት። ከሁለቱ ልጆች ከአንደኛው ጋር የምትገባበት ነገር አለ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ትጎዳዋለች፤ በደል ነው። ጉዳቱ ጎልማሳ ሆኖም ይከተለዋል። መጽሐፉ ስለ ባሕር መስሎህ ስትዋኝ ቆይተህ እግርህ መሬት የሚያጣው እዚያ ነው።

ልጅቷ ሳቀች። በክፋት አይደለም። «ሁላችሁም እዚያ ጋ ነው የምታቆሙት፣ ማዕበሉ ሲያልቅ» አለቻቸው። ሽማግሌው ደግሞ ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ከጆሯቸው ውሃ እያራገፉ ነበር፤ በመዳፋቸው ጆሯቸውን መታ መታ እያደረጉ። ቀና ሳይሉ «ማንበብ አያስፈልገኝም፣ አውቀዋለሁ» አሉ።

ይኸው ነው። ይህችው ናት።

ማንም ምንም አላለም። ማለቴ፣ ዝም ያሉት ነገሩ ከብዷቸው ይሁን ሻይ እየጠጡ ይሁን አላውቅም። አንደኛው ስለ ነፋሱ አንድ ነገር አለና ወሬው ወደዚያው ሄደ። ልጅቷ ግን ሳቋን አቆመች። አቆመች? አቁማለች። ወይ ደግሞ ሳቋ በራሱ ጊዜ አለቀ። ይህን ነው ሰሞኑን የማመላልሰው፤ የአንዲት የማላውቃት ልጅ ሳቅ እንዴት እንዳለቀ!

አዛዥ «ፊልሙን አይተው ነዋ!» አለችኝ። ይሆናል። ፊልም አለው፣ ሳይመን ቤከር ያዘጋጀውም የተወነበትም፤ ያ «ሜንታሊስት» ላይ የነበረው፣ እናቶቻችን የሚወዱት። ፊልሙን አይተው ከሆነ «አውቀዋለሁ» ማለት ታሪኩን አውቀዋለሁ ማለት ነው። ግን እንደዚያ የሚል ሰው «ፊልሙን አይቼዋለሁ» ነው የሚለው። አይደል? እኔ እንደዚያ ነው የምለው።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ ዓመት በቀዝቃዛ ውሃና በነፋስ ውስጥ የኖረ ሰርፈር የጆሮው ቀዳዳ አጥንት እያበቀለ ይጠብባል። የታወቀ ነገር ነው፣ የሰርፈር ጆሮ ይሉታል። ውሃው ገብቶ አይወጣም፣ መስማትም ይቸግራል። እና ሽማግሌው ልጅቷ ያለችውን ጭራሽ ባይሰሙትስ? «ነገ ማዕበሉ ይቀንሳል» ያለቻቸው መስሏቸው «አውቀዋለሁ» ብለው ቢሆንስ? ግን «ማንበብ አያስፈልገኝም» ብለዋል... የአየር ትንበያውን? ኧረ እሺ፣ ይሄ ትንሽ ተጎተተ።

የልጅቷንም ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እሷም ዝም ብላ አልነበረም የሳቀችው። ቀደም ብላ ስለ «ፒዩበርቲ ብሉዝ» ስታወራ ነበር። በ1979 ካቲ ሌት እና ጋብሪኤል ኬሪ የጻፉት፣ ሲድኒ ያለችው የክሮኑላ ባሕር ዳር ሴት ልጆች ታሪክ፤ ወንዶቹ ሰርፍ ሲያደርጉ ሴቶቹ አሸዋ ላይ ቁጭ ብለው ማየት፣ ምግብ ገዝቶ ማምጣት ነው ሥራቸው። መጨረሻ ላይ ሰሌዳ ገዝተው ውሃው ውስጥ ይገባሉ። ልጅቷ «እዚህ ካላችሁት ወንዶች ስንቶቻችሁ አነበባችሁት?» ብትል አንድም ሰው የለም። እኚህ ሽማግሌ ደግሞ የዊንተንን ግማሽ። ስለዚህ ሳቋ ገብቶኛል፤ ሴት ስትመጣ መጽሐፍ የሚዘጉ ናቸው ብላ ነው። እኔም መጀመሪያ የሳቅሁት በዚያው ነበር። ከዚያ «አውቀዋለሁ» ሲሉ... እዚያ ታሪክ ውስጥ የተጎዳው እኮ ልጁ ነው።

ግን ቆይ። አክስቴ፣ ያቺ የምታውቋት፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብባው አታውቅም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው የምታውቀው። በዛብህ ሊሞት ሲል ተነስታ ሬዲዮኑን ትዘጋዋለች። ሁሌም። ሰው «እትዬ፣ እባክሽ ይለቅ» ሲላት «አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ» እያለች ወደ ጓዳ ትገባለች። ማንም እንደ ሰብለ የቀበረችው ፍቅረኛ አላት ብሎ አልጠረጠረም። አልወደደችውም፣ አለቀ። በዛብህ እንዲሞትባት አልፈለገችም።

ወይስ ነበራት? እንዴ... ስለ አክስቴ አሁን ገና ነው ያሰብኩት። ማንም አልጠየቃትም። እኛ ቤት «አውቀዋለሁ» ከተባለ አይጠየቅም።

ምናልባት ሽማግሌውም ባሕሩን ስለሚወዱ ብቻ ነው፤ ባሕሩ ካለቀ መጽሐፉ አለቀ። ይህኛውን ነው የምመርጠው። እውነት ስለሆነ ሳይሆን እንቅልፍ ስለሚያስተኛ። ማለቴ፣ ያስተኛል ብዬ ነበር።

ሊሄዱ ሲሉ ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ጨረስሽው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ልጁ ይተርፋል?» አሉኝ።

አያችሁ? የሚያውቅ ሰው እንዲህ ይጠይቃል? ጭራሽ ይህንን ለአዛዥ አልነገርኳትም። ልጁ ይተርፋል፣ የአምቡላንስ ሠራተኛ ይሆናል፣ ግን መትረፍ የሚባለው ምን ዓይነት... እኔ «ይተርፋል» ብቻ አልኳቸው። «ጥሩ» አሉና የቫኑን በር ሳቡት።

አሁን የማልኮም ኖክስን «ዘ ላይፍ» ገዝቻለሁ፣ ስለ አንድ የቀድሞ የሰርፍ ሻምፒዮን ነው። ልጅቷ ናት ርዕሱን የነገረችኝ። አልጀመርኩትም። የእሳቸውን «ጥሩ» እያሰብኩ ገጹ አይገለጥልኝም፤ ጥሩ ማለት... እንዴት ልበላችሁ... ደስ ያላቸው ሰው አይመስሉም ነበር። ወይም ብርዱ ነው። ከንፈራቸው ሰማያዊ ነበር፣ የሁሉም ሰማያዊ ነበር። አዛዥ እየደወለች ነው። እስቲ ላንሳው፣ ምናልባት እሷ...