ክሎሪን የማይደፍረው

እሺ… ቶክሶን (ቶክሶፕላዝሞሲስን፣ ከድመት የሚነሳውን፣ ከነፍሰ ጡር ወደ ፅንስ ሊያልፍ የሚችለውን የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ) ባለፈው ክፍል ዘግተነዋል ብዬ ነበር። አልተዘጋም። «የድመት ጠበቃው መጣ!» የምትሉኝ ሰዎች ዛሬ ታገሱኝ፣ የዛሬው ክርክሬ ከውሃው ጋር ነው።

አልለቅ ያለኝ ያ የቪክቶሪያ ከተማው የቶክሶ ወረርሽኝ ነው። ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ እንደ ፈረንጆቹ 1994 ማብቂያ ላይ። ሃምፕባክ የሚባል የውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ ነበራቸው። ከባድ ዝናብ ይጥላል፣ ጎርፉ በዙሪያው ያለውን አፈር ጠርጎ ግድቡ ውስጥ ይከታል፣ ውሃው ይደፈርሳል። አፈሩ ላይ ደግሞ የድመት ኩስ አለ። የቤት ድመትም፣ ፑማም፤ ፑማ ያው የድመት ዘር ነው፣ ከተማዋ ባለችበት ደሴት ጫካ ሞልቷል። ውሃው አይጣራም። ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር) ይጨመርበትና በቃ፣ ወደ ቧንቧ።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ክሎራሚኑ ለባክቴሪያ ይሠራል። ከድመቷ የሚወጣው ኦኦሲስት፣ የጥገኛው እንቁላል መሰል ነገር፣ ግን ድርብ ግድግዳ አለው፤ ለመጠጥ ውሃ የሚጨመረው መጠን አይበሳውም። መጠኑ ከ10 እስከ 12 ማይክሮን ነው፣ መቶ ያህሉ ቢሰለፍ አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ውሃ ሲመረመር የሚታየው ኮሊፎርም የሚባለው ባክቴሪያ ነው አይደል? ኮሊፎርሙ ዜሮ ቢወጣ ስለዚህኛው የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። ወረቀቱ ላይ «ንጹህ» ተብሎ የተጻፈው ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ደግሞ እኮ ሁለት ጊዜ ነው! የታማሚው ቁጥር ታኅሣሥ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ መጋቢት ላይ እንደገና ወጣ። ከሁለቱም በፊት ዝናብ፣ ከሁለቱም በፊት ድፍርስ ውሃ። ወረርሽኝ ነው የተባለው ግን በመጋቢት 1995 ነው። በመካከሉ ምን ነበር? አንዱ አንገቱ ሥር ዕጢ አብጦበት ሐኪም ጋ ይሄዳል፣ ሌላዋ ዓይኗ ይደበዝዝባታል፣ አብዛኛው ምንም አይሰማውም። ማን ከቧንቧው ጋር ያገናኘዋል? በመጨረሻ በመረጃ የተያዙት 100 ሰዎች ናቸው፤ 94 የከተማዋ ነዋሪ፣ 6 እንግዳ። 51ዱ ዕጢያቸው ያበጠ፣ 19ኙ የዓይናቸው ሬቲና የተጎዳ። በግምት የተያዘው ግን ከ2,894 እስከ 7,718 ሰው ነው። ግድቡንም ያስጠረጠረው ካርታው ነው፤ ታማሚዎቹ ከዚያ ግድብ ውሃ በሚያገኘው ሰፈር በዝተው ተገኙ። ዛሬ ቪክቶሪያ ውሃዋን በአልትራቫዮሌት ጨረር ታክማለች፣ እሱ ኦኦሲስቱንም ያመክነዋል።

ብራዚል ደግሞ፣ ሳንታ ኢዛቤል ዶ ኢቫዪ፣ 2001 መጨረሻ ላይ፣ ግድብም አላስፈለገም። ድመት ከነግልገሎቿ የከተማውን ውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳ መኖሪያ አድርጋው ነበር። ገንዳ! እስቲ አሁን ስለ ሮቶ አስቡ። ክዳኑ በፀሐይ ተሰንጥቆ በድንጋይ የተያዘውን ሮቶ። ድመት ቶክሶ መጀመሪያ ሲይዛት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በሚሊዮን የሚቆጠር ኦኦሲስት ትጥላለች፣ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ አትጥልም። (ጠበቃነቴ ይመዝገብልኝ።) ትኩሱ ኩስ አይጋባም፤ ከ1 እስከ 5 ቀን አየር ላይ መብሰል አለበት። ስለዚህ የድመት አሸዋ በየቀኑ ይደፋ የሚባለው ለሽታው ብቻ አይደለም። አንዴ ከበሰለ ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያል።

ውሃ ማከሚያ ክሎሪን ጨምረን አርፈናል የምትሉ፣ አትተዉት፣ ለተቅማጥ ተዋሲያን ያስፈልጋል። ለዚህኛው ግን ማፍላት ነው። ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ 3 ደቂቃ፣ አዲስ አበባም እዚያ ውስጥ ናት። ማጣሪያ የምትገዙ «አብሶሉት 1 ማይክሮን» የሚለውን ፈልጉ። ዝም ብሎ 1 ማይክሮን የሚለው አማካይ ሊሆን ይችላል፣ ያሾልካል።

አቼቶም አይገድለውም። ሰላጣውን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ ማውጣት ለኦኦሲስት ምንም ነው። ቅጠል በቅጠል፣ በሚፈስ ንጹህ ውሃ፣ በጣት ማሸት ይሻላል፤ ይቀንሳል እንጂ ዋስትና አይሆንም። ነፍሰ ጡር ከሆነች የተቀቀለ ጎመን ትብላ። ክትፎውም ለብለብ አይበቃም፤ ሥጋው ውስጥ ያለው የጥገኛው ቋጠሮ የሚሞተው መሀሉ 67 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ «ሰበር ዜና፦ ምንም አትብሉ»።

ግን… የቪክቶሪያው ወረርሽኝ የታየው አብዛኛው ሰው ቀድሞ ስላልተያዘ ይመስለኛል። እኛ ጋ አዋቂው በብዛት ድሮ ተይዞ ያለፈበት ነው። እንዲያ ከሆነ ክረምት ላይ ቧንቧው ሲደፈርስ የሚያዘው ሕፃኑ፣ ወይ ውጭ አድጎ የመጣው ነው። እሱም አንገቱ ቢያብጥ አሞክሳሲሊን ይታዘዝለታል። ወረርሽኙ አለ ወይስ የለም በምን እናውቃለን?

ነፍሰ ጡር ሁሉ ትመርመር ልል ነበር። በመደበኛው ክትትል ኤችአይቪ አለ፣ ቂጥኝ አለ፣ ይሄ የለም። ግን አይጂኤም (ሰውነት በሽታ ሲገባበት ቀድሞ የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል) ፖዘቲቭ ቢወጣ፣ ከዓመት በላይ ሊቆይ የሚችል ነገር ነው፣ የአምናው ይሁን የዚህ ወር አይለይም። አቪዲቲ፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካው ምርመራ፣ ያስፈልጋል፤ እሱ ከፍ ካለ ቢያንስ ባለፉት ሦስት አራት ወራት አልተያዘችም ማለት ነው። አሁን እሱን የሚሠራ ላብራቶሪ… ነጻ የሆነችዋስ? በኋላ ልትያዝ ትችላለች እኮ። ፈረንሳይ ለአስርት ዓመታት በየወሩ ደጋግማ ስትመረምር ኖራለች። እኛ ጋ የአንዱን ዙር ማን ይከፍላል፣ ከዚያ ደግሞ መድኃኒቱ፣ ስፓይራማይሲኑ… እሺ፣ እሱን ለጊዜው እንተወው።