የእናቶቻችን ዳንቴልና የቪክቶሪያ ሳሎን

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «የቪክቶሪያን ዘመን ቤት ውስጥ የምንኖር ሰዎች ቤቱን ሳናበላሽ እንዴት ዘመናዊ እናድርገው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ አናጺ ነኝ፤ ንግግር አዋቂ አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ግን እዚሁ ለንደን የሰው ቤት ሳፈርስና ስጠግን ኖሬአለሁ፤ የማወራው ከዚያ ያየሁትን ነው። ዓመት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

እስቲ የእናታችሁን ሳሎን አስቡት። እንግዳ ካልመጣ አይገባበትም። ቡፌው ውስጥ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ የሠርግ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ የማርያም ሥዕል። ሶፋው መደገፊያ ላይ ደግሞ በእጅ የተሠራ ዳንቴል። ልጆች ሆነን ዳንቴሉን አንሸራተን ሳናስተካክል ከተነሣን የሚጠብቀንን ታውቁታላችሁ። አሁን በ1870ዎቹ ወደ አንድ ደህና ኑሮ ያለው የለንደን ቤተሰብ ቤት ግቡ። ያው ነው! የፊት ለፊቱ ክፍል ለእንግዳ ተጠብቋል፤ ግድግዳው ፎቶና ሥዕል ተሸክሟል፤ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ዳንቴል አለ። የእነሱ ወንዶች ፀጉራቸውን ማካሳር የሚባል ዘይት ይቀቡ ስለነበር ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ነው፤ ስሙም «አንቲማካሳር» ነው። ቅቤ ሲቀባ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ታዲያ ይህን ሳሎን የምናውቅ ሰዎች ቤት ስናገኝ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ሁሉን ነቅሎ መጣል። ግድግዳውን ግራጫ መቀባት፣ ወለሉን የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ማልበስ። ዘመናዊ ማለት ባዶ ማለት መስሎናል።

የቪክቶሪያን ዘመን የሚባለው ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን የነገሠችበት ከ1837 እስከ 1901 ያለው ጊዜ ነው። ለእኛ ስሟ ሌላም ትዝታ አለው። አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ጽፈው መልስ ያጡባት ንግሥት ናት። በ1868 ከመቅደላ በልጅነቱ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ በ1879 እዚሁ አገር አርፎ ዊንዘር የተቀበረው በእሷ ዘመን ነው። ዛሬ የምንኖርባቸው የጡብ ቤቶች ብዙዎቹ የተሠሩት በእነዚያው ዓመታት አካባቢ ነው። ይህ ትዝ ሲለኝ አንዳንዴ መዶሻዬን አስቀምጬ እቆማለሁ። ቤቱ ግን ምን በደለ? የሠሩት እንደ እኔ ያሉ አናጺዎችና ለሳኞች ናቸው።

ወደ ሥራው ልግባ። እኔ የምከተለው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ ባለቤት ነው፣ ዕቃው እንግዳ ነው። ከቤቱ ጋር የተሠራ ሁሉ ይቆይ፤ ይዘነው የምንገባው የዛሬ ይሁን። ትናንት ከፋብሪካ የወጣ፣ እግሩ የተጠማዘዘ፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ ሶፋ ቪክቶሪያን አይሆንም፤ የቤቱ ልጅ ነኝ ብሎ የመጣ ባዳ ነው። ቀጥ ያለ፣ እግሩ ቀጠን ያለ የዘመኑ ሶፋ ግን ከድሮው የእብነ በረድ ምድጃ አጠገብ ቁጭ ሲል ያምርበታል። ማንነቱን አልደበቀማ።

ስለ ኮርኒስ ልንገራችሁ። እኛ ጣሪያውን በሞላ ኮርኒስ እንላለን። እዚህ አገር ግን ኮርኒስ የሚባለው ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት የሚዞረው የጀሶ ጌጥ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አለቃዬ «ኮርኒሱን ፋቅ» ቢለኝ ጣሪያውን በሙሉ ፍቄ ጠበቅሁት።

በጣሪያው መካከል ደግሞ መብራት የሚንጠለጠልበት ክብ ጌጥ አለ፤ የጣሪያ ጽጌረዳ ይሉታል። ከመቶ ዓመት በላይ ቀለም ሲደራረብበት አበባው ሊጥ የተለጠፈበት ይመስላል። ሰው ይህን ያይና «አስቀያሚ ነው፣ ይውረድ» ይላል። በቅርቡ አንዱን አጸዳሁ። የድሮው ቀለም ጠመኔና ሙጫ በውኃ የተበጠበጠ ስለሆነ በእንፋሎት ይለሰልሳል። መሰላል ላይ ቆሜ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ በእንጨት ስንጥር ቀስ እያልኩ ስጭር መጀመሪያ አንድ ጫፍ ወጣ። ከዚያ የወይን ቅጠል ሆነ። ቅጠሉ ላይ ያሉት ጅማቶች ሳይቀሩ ታዩ። ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀብኝ፤ አንገቴ ሳምንት ታመመ። ከሥሩ የሰቀልነው ግን አንድ ጥቁር ገመድና አንድ ነጭ ክብ አምፑል ብቻ ነው። የቤቱ ባለቤት የክሪስታል መብራት ገዝታ ነበር፤ መልሽው አልኳት። እሱ ቢሰቀል ኖሮ ያንን ቅጠል ማን ያየዋል?

ከግድግዳው ላይኛው ክፍል የሚዞረውን ቀጭን እንጨትም አትንቀሉ። ሥዕል በገመድ የሚንጠለጠለው ከእሱ ነው፤ ልስኑ በምስማር እንዳይፈርስ ተብሎ የተሠራ ብልሃት ነው። የእናታችሁን የፎቶ ግድግዳ ያለ ድሪል ትሠሩበታላችሁ።

ቀለም ላይ ብዙ አልቆይም። የዚያ ዘመን ሰው ጠቆር ያለ ቀለም ይወድ ነበር፤ የከሰል ጭሱና የጋዝ መብራቱ ነጩን ነገር ሁሉ ያጠቁሩት ነበርና። አረንጓዴው የግድግዳ ወረቀት አንዳንዱ አርሰኒክ ነበረበት፤ መርዝ። የዚያን ዘመን ነዳፊ የዊልያም ሞሪስን የቅጠልና የወፍ የግድግዳ ወረቀቶች የምትወዱ ካላችሁ ዛሬም ይታተማሉ፤ ሰውየው የመጀመሪያውን የነደፈው በ1862 ነው። ምክሬ ሳሎን ላይ ሳይሆን መተላለፊያው ወይም ትንሿ ሽንት ቤት ላይ ለጥፉት ነው። ትንሽ ክፍል ደማቅ ነገር ይችላል። ዘመኑ ቤቱን እንዴት እንደሚሞላ በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ኬንዚንግተን ስታፎርድ ቴራስ ቁጥር 18 ሂዱ፤ የካርቱን ሠዓሊው የሊንሊ ሳምቦርን ቤት እንደ ነበረ ተጠብቆ ሙዚየም ሆኗል። እኔ ስገባ መተንፈስ አቅቶኝ ነበር፤ አንድ ዕቃ ብቻ ይዤ ብወጣ ብዬም ተመኘሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ቤት ግድግዳ ረጠበ። ጠንካራ ይሁን ብዬ በሲሚንቶ ለሰንኩት። በሁለተኛው ዓመት ብርድ ሲገባ ግድግዳው ላቡ መጣ፤ ነጭ ጨው አበበበት። እነዚህ ቤቶች የተገነቡት በኖራ ነው፤ ኖራ እርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ያስቀራል። የፋሲል ግንብ በኖራ መሠራቱን እያወቅሁ ይህን አደረግሁ! አፍርሼ በኖራ በራሴ ወጪ መለስኩት። ከወለሉ በታች በውጭ በኩል ያሉትን ቀዳዳ ጡቦችም «ብርድ ያስገባሉ» ብላችሁ አትድፈኑ፤ ከጣውላው ሥር ያሉት እንጨቶች የሚተነፍሱት በእነሱ ነው፤ ከተደፈኑ ይበሰብሳሉ። የድሮ በርና መስኮት ቀለም ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ልጅ ባለበት ቤት በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። መስኮት ከመቀየራችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ፤ ጥበቃ በሚደረግበት ሰፈር ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከኋላ ያለውን ወጥ ቤት ግን እንደ ልባችሁ አድርጉት። መስታወት በመስታወት ይሁን። የድሮው ሰው ራሱ ጌጡን የጨረሰው ፊት ለፊት፣ ለእንግዳው ነው፤ ለጓዳው ብዙም አልተጨነቀለትም።

አንዲት ደንበኛዬን አንሥቼ ላብቃ። ምድጃዋ በጣውላ ተዘግቶ ነበር። ከፈትነው፤ ጭስ ማውጫውን ባለሙያ ጠረገው፤ ወለሉ ላይ ያሉት የተሣሉ ሸክላዎች ከነቀለማቸው ወጡ። ከፊቱ ግራጫ ዘመናዊ ሶፋ፣ ከጎኑ ረከቦት አስቀመጠች። እናቷ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ ዳንቴል ነበር፤ ሶፋው መደገፊያ ላይ አኖሩት። ልጅቷ እኔን አየችኝ፤ እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ቡና ተፈላ፤ እናትየው ዕጣን ሊያጨሱ ሲሉ ልጅቷ ደነገጠች፤ ሁልጊዜ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮኽባታል። «እዚህ አድርጊው» ብለው ማጨሻውን ምድጃው ውስጥ አስገቡት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ሁላችንም ጣሪያውን ቀና ብለን አየን፤ ማስጠንቀቂያው ዝም አለ።

አመሰግናለሁ። የቤታችሁን ፎቶ በስልክ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ከቡናው በኋላ እዚያ ጥግ ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ።