እዚያ ሰርቨር ላይ ያለው ቁጥር ለምን ተጻፈ?

እንደምን ዋላችሁ፣ የደሴ ልጆች! ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አፕሊኬሽን ሰርቨር፣ ማለትም ፕሮግራማችንን ተሸክሞ ለተጠቃሚዎች ስለሚያቀርበው ሶፍትዌር፣ ሴቲንግ ነው። ኮድ መጻፍ ሁላችንም እንወዳለን። ኮዱ የሚሠራበትን ሰርቨር ከፍቶ ሴቲንጉን አንድ በአንድ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችሁ ነገ ሆስፒታል፣ ኮሌጅ ወይም የቁጠባ ማኅበር ትገቡና ዋይልድፍላይ ወይም ቶምካት የሚባል አንድ የጃቫ ሰርቨር ትረከባላችሁ። የጫነው ሰው ሥራ ለቋል፣ ማስታወሻም አልተወም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ እዚያ ያለው ቁጥር ለምን እንደተጻፈ ሳታውቁ አትንኩት፣ ሳታውቁም አትተዉት።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ለአንድ ኮሌጅ የምዝገባ ሲስተም እንከባከብ ነበር። የምዝገባው ዕለት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተከፈተ፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ ቆመ። ከወገል ጤና፣ ከመርሳ፣ ከወረኢሉ ሌሊት ተነስተው የመጡ ልጆች ግቢው ውስጥ ስልካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ገጹ 30 ሰከንድ ይሽከረከርና ስሕተት ያወጣል። እነሱም እንደገና ይጫኑታል፣ ወረፋው ደግሞ ይብሳል።

ያ 30 ሰከንድ ከየት መጣ? አንድ ጥያቄ የዳታቤዝ ኮኔክሽን (ወደ ዳታቤዙ የሚያገናኘውን መስመር) ጠብቆ ካጣ፣ ዋይልድፍላይ በዲፎልት፣ ማለትም ማንም ሴቲንጉን ካልቀየረው፣ የሚታገሰው ያን ያህል ነው። የኮኔክሽን ፑሉ፣ ማለትም ጥያቄዎቹ እየተቀባበሉ የሚጠቀሙባቸው የኮኔክሽኖች ስብስብ፣ ከፍተኛ መጠኑ በዲፎልት 20 ነው። ትሬድ (ጥያቄ የሚያስተናግድ ሠራተኛ በሉት) ግን ለአንድ የፕሮሰሰር ኮር 16 ስለሚሰጥ፣ የኛ ባለ 8 ኮር ማሽን 128 ጥያቄ በአንዴ ያስገባል። ሠርግ ቤት አስቡት፤ 128 ሰው ሳህን ይዞ ቆሟል፣ ጭልፋው ግን 20 ብቻ ነው።

እኔ ደንግጬ ፑሉን 300 አደረግሁት። ባሰበት! ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ በዲፎልት የሚቀበለው 100 ኮኔክሽን ነው፣ ከዚያም ላይ ጥቂቱን ለአስተዳዳሪ ያስቀራል። የተረፈውን ከበር መለሰው። በዚያው ዳታቤዝ የሚሠራው የሒሳብ ክፍሉ ፕሮግራም እንኳ ከኛ ጋር አብሮ ወደቀ፣ ምንም ሳያጠፋ።

መፍትሔው የተገኘው ቁጥር መጨመር አቁመን ማየት ስንጀምር ነው። ፑሉን ወደ 20 መልሰን ስታቲስቲክሱን አበራነው (በዲፎልት የጠፋ ነው፣ አብሩት)። ሃያውም ኮኔክሽን በአንድ ዓይነት የዳታቤዝ ጥያቄ ተይዟል፦ ተማሪን በስም የሚፈልገው። ዳታቤዙ ላይ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ፍለጋ የሚያፋጥን) ስላልነበረው እያንዳንዱ ፍለጋ 9 ሰከንድ ይፈጃል። 20ን ለ9 አካፍሉት፤ በሰከንድ 2 ተማሪ ገደማ ማለት ነው። ኢንዴክሱ ሲገባ ፍለጋው ወደ ሩብ ሰከንድ ወረደ። ያው 20 ኮኔክሽን አሁን በሰከንድ 80 ያስተናግዳል። በዚያው ቀን ከሰዓት ምዝገባው ቀጠለ። ልጆቹ ግን ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ዋሉ፣ እሱ እስካሁን ይቆጨኛል።

ደግሞ ሞክረነው ነበር እኮ! ግን የሞከርነው እኛ 4 ሰዎች ነን። የባቲን ገበያ ማክሰኞ ሄዳችሁ ብታዩት ባዶ ሜዳ ነው፤ ገበያው ሰኞ ነው። ሰርቨራችሁንም በሰኞው ልክ ሞክሩት፣ ብዙ ተጠቃሚ በአንዴ የገባ አስመስሎ የሚሞክር፣ ጄሜተርን የመሰለ ነፃ መሣሪያ አለ።

ሁለተኛው ነገር የኛው ጉዳይ ነው፣ ፊደላችን። ፕሮግራሙን ከተርሚናል (ትእዛዝ ከምትጽፉበት መስኮት) ስታስነሱት "ከድጃ" ብሎ በትክክል ያትማል። እንደ ሰርቪስ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ስታደርጉት ደግሞ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል። ኮዱ አልተቀየረም። የድሮ ጃቫ ፊደል የሚያነብበትን መንገድ ከሲስተሙ የቋንቋ ሴቲንግ ይወስዳል፣ ሰርቪሱ ደግሞ የእናንተን ተርሚናል ሴቲንግ ላያገኝ ይችላል። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 ከወጣው ጃቫ 18 ጀምሮ ዲፎልቱ የኛንም ፊደል የሚይዘው ዩቲኤፍ ኤይት ሆኗል። ከዚያ በፊት ባለው ላይ ከሆናችሁ ራሳችሁ በጃቫ ማስነሻ አማራጮቹ ውስጥ ጻፉት። የሰው ስም ነው፤ አንዲት እናት የሕክምና ካርዷ ላይ ስሟ የጥያቄ ምልክት ሆኖ መውጣት የለበትም።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ሰርቪሱ ራሱ ይነሳል? አንድ ቀን ሆን ብላችሁ ማሽኑን ሪስታርት አድርጋችሁ እዩት።

ሴቲንግ ስትቀይሩ አንድ ብቻ ቀይሩ፣ ቀኑንና ምክንያቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ዋይልድፍላይ እየሠራ ሳለ ስታንድአሎን የሚባለውን የሴቲንግ ፋይል በእጅ አትነካኩት፤ በኋላ በኮማንድ ወይም በኮንሶል አንድ ነገር ሲቀየር ሰርቨሩ በላዩ ጽፎ የእናንተን ያጠፋዋል። ከተበላሸባችሁም አብሽሩ፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ የቀድሞዎቹን ቅጂዎች በታሪክ መልክ ያስቀምጣቸዋል።

እባካችሁ ይህን ፋይል ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "እስቲ እዩልኝ" ብላችሁ አትልቀቁ። ብዙ ጊዜ የዳታቤዙ ፓስወርድ ውስጡ ነው። የአስተዳዳሪ ኮንሶሉንም፣ በፖርት 9990 ያለውን፣ ከቤት ልግባበት ብላችሁ ለኢንተርኔት አትክፈቱት። በዲፎልት ከማሽኑ ውጪ እንዳይታይ የተደረገው በምክንያት ነው። ከሩቅ መግባት ካስፈለገ በኤስኤስኤች፣ በተመሰጠረው መግቢያ፣ በኩል ግቡ።

ከቡና በኋላ ላፕቶፕ የያዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። የሙከራ ሰርቨር ይዤ መጥቻለሁ፤ ፑሉን ወደ 2 አውርደን፣ ሁላችሁም በአንዴ ግቡበትና ስታቲስቲክሱ ላይ ወረፋው ሲያድግ አብረን እናየዋለን።