እማዬ ቦዩ ውስጥ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የቅዳሜዋ ነገር አልለቅ ብላኛለች። ሳወራት ትቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ቦዩ ተቆፍሮ አለቀ። አዎ፣ የእማዬን ቤት በመሬት ሙቀት ለማሞቅ የምናስቆፍረው፣ ያ ወንድሜ ከሚኒሶታ ሆኖ «ቀላል ነው» ያለው ቦይ። ባለፈው ሳነሳው ብዙዎቻችሁ «እንደ አሉቶ ላንጋኖ እንፋሎት ልታወጡ ነው?» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። አይደለም። አሉቶ ላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ወርደው ነው እንፋሎቱን የሚያገኙት፣ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት። የኛ 2 ሜትር ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ ይዘረጋል፣ ውሃ ይዞርበታል። ውሃው የመሬቱን ሙቀት ይዞ ይመጣል። ሂት ፓምፕ የሚሉት ማሽን ያንን ሙቀት ከፍ አድርጎ ወለሉ ውስጥ ወዳለው ቱቦ ይልከዋል። ፍሪጅ ከጀርባው ሲሞቅ አይታችሁ የለ? ያው ነው። አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሰጥታችሁት ሦስት አራት እጅ ሙቀት ይመልሳል። ሲሞቅ ደግሞ ገልብጦ ቤት ያቀዘቅዛል። ሱሉልታ ላይ ማቀዝቀዣው እምብዛም አያስፈልገንም እንጂ።

እና ቅዳሜ ጠዋት። ሳሩ ላይ ውርጭ አለ። ሠራተኞቹ ልጆች ቱቦውን በግፊት ሞልተው ያፈስስ እንደሆነ እያዩ ነው። አፈር ከመልበሱ በፊት መፈተሽ አለበት፣ በኋላማ ማን ያገኘዋል። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ወጣች። ትንሽ ቆማ አየች። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ፦ «እስቲ አውርደኝ።»

አወረድኳት። ፎርማኑ ደንግጦ መሰላል ፍለጋ ሮጠ። እሷ ግን ታች ደርሳለች፣ በነጠላ ጫማ፣ እርጥብ መረሬ፣ ያ ጥቁር የሚጣበቅ አፈር ላይ ቆማለች። መዳፏን የቦዩ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ቆየች። ቆየች ስላችሁ በጣም ቆየች። «ይሞቃል» አለች። እውነቷን ነው፣ ከላይ ካለው አየር ጋር ሲተያይ ይሞቃል። ከዚያ ወደ ግድግዳው እንደዞረች፦

«ጉድ እኮ ነው። እኔ መሬት ሳልገባ መሬቱ ቤቴ ሊገባ ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። ፎርማኑ «ዕድሜ ይስጥልን እማማ» አለ። እኔም ሳቅኩ። ፊቷን ግን አላየሁትም። ከላይ ሆኜ የሚታየኝ ሻሿና መዳፏ ብቻ ነው። «ሊገባ ነው» ስትል ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር ወይስ ዝቅ? ስንት ጊዜ መልሼ መላልሼ ሰማሁት መሰላችሁ። አንዳንዴ ቀልድ ነው። እማዬን ታውቋታላችሁ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ታስቃለች። አንዳንዴ ደግሞ… «ውጪ በቃ፣ ይበርድሻል» ስላት «ከላይ ነው የሚበርደው» አለችኝ። ለመውጣት አልቸኮለችም።

ከአባዬ ቀብር ወዲህ አፈር ስትነካ አይቻት አላውቅም። ጎመኑንም ጤና አዳሙንም ትታዋለች። ቅዳሜ ነው የነካችው።

ይሄን ሁሉ ለምን እንደጀመርኩት ታውቃላችሁ። ማንደጃው ነው። መስኮት ዘግታ፣ ከሰል አንድዳ፣ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣ ትተኛለች። ብርድ ሲገባ ሁሌ የምንሰማው ወሬ አለ፣ ተኝተው ያልነቁ ሰዎች። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። እባካችሁ፣ እናታችሁ ቤት ማንደጃ ካለ ዛሬውኑ ደውሉ። ይሄን ሳልናገር አላልፍም።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የወንድሜ አገር ክረምት መሬቱ ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ ይቀዘቅዛል፣ በረዶ ይሆናል። እነሱ መሬት ሥር ሙቀት ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። የኛ ብርድ ሌላ ነው። የአዲስ አበባ የዓመት አማካይ 16 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እኛ ከእንጦጦ ጀርባ ትንሽ ዝቅ እንላለን። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ አጥንት ይገባል። ያ የቀንና የማታ መፈራረቅ ደግሞ ከአንድ ክንድ በታች እምብዛም አይዘልቅም። መሬቱ ያንኑ አማካዩን ይዞ ይቀመጣል። የአያቴ የጭቃ ቤት ግድግዳ ወፍራም ነበር፣ የቀኑን ሙቀት ለማታ ያቆይ ነበር። እኛ በቀጭን ብሎኬት፣ በቆርቆሮና በሰፊ መስታወት ሠራን። ታዲያ መጀመሪያ ጣሪያውን ማልበስ አይሻልም ነበር ወይ? ይሻል ይሆናል። ሁለቱም ያስፈልጋል መሰለኝ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሽኑም ይቆማል፣ ያኔ ማንደጃው ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው…

መረሬውም ያሳስበኛል። ክረምት እርጥብ ሲሆን ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል። በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ከቱቦው ይርቃል። ዙሪያውን አሸዋ አልብሰነዋል። ይበቃል ይላሉ።

ሰኞ ቦዩ ተደፈነ። ማታ እማዬ «ያ ውሃ አልጋዬ ሥር ነው የሚያልፈው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እሺ» አለች። እሺ ብቻ። ማንደጃዋን ግን ከክፍሏ አወጣችው፣ በዚያው ማታ።

ለወንድሜ ነገርኩት። እሱ የግፊቱን ንባብ ጠየቀኝ። ሰጠሁት፣ ደህና ነው አለ። የእሷን ነገር… ልጠይቃት ይሆን? ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? «እማዬ፣ ቅዳሜ ያልሽው»፣ ከዚያስ? ቡና ላይ ላነሳው ነበር፣ ጎረቤት ገባ። እሑድ ምናልባት። ወይም እሷው ካነሳችው።

እሺ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ነው፣ ሳይሄድ ይሄን ልጫንላችሁ።